ስክሪኑ 160 ይላል፤ ቲሸርቱስ?

(በጅማ ከተማ በልብስ ሕትመት ሥራ ለተሰማሩ ባለሙያዎችና ለሠልጣኞች ያደረግሁት ንግግር ነው። ከጥቂት የቃላት እርማት በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ እንግዶች፣ የሙያ አጋሮቼ፣ እናንተም ከኋላ የተቀመጣችሁ ሠልጣኞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ? አካም ጅርቱ? በዚህ ዝናብ ከቦሳ አዲስም፣ ከኮቺም፣ ከጅሬንም ተነሥታችሁ፣ ጭቃውን አቋርጣችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምን። ከአዳራሹ በስተጀርባ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ሂት ፕሬስ፣ አርማን በሙቀትና በግፊት ልብስ ላይ የሚጭነውን ማሽን፣ የሚያበራልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ወንድሜ፣ አንተ ቅርብ ነህና እባክህ 160 ዲግሪ ላይ አድርገው፤ ከዚያም የላይኛውን ብረት በታችኛው ላይ ዘግተህ ተወው። አመሰግናለሁ። ለምን እንደተዘጋ በኋላ እንመጣበታለን።

ወገኖቼ፣ አንድ ቲሸርት አሳምሮ ማተም ከባድ ሥራ አይደለም። ዛሬ ማሽኑን የገዛ ነገ አንድ ቲሸርት አትሞ ለጓደኛው ሊያሳይ ይችላል፤ ጓደኛውም ያደንቅለታል። ከባዱ ስድስት መቶ ቲሸርት ሲታዘዝ ነው። ጥያቄውም «ቆንጆ አተምህ ወይ?» መሆኑ ይቀርና «የመጀመሪያውና ስድስት መቶኛው አንድ ዓይነት ናቸው ወይ?» ይሆናል። በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጅማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለጨርቃ ጨርቅና ለልብስ ታስቦ የተሠራ ነው። ከተማችን በቡናዋና በበርጩማዋ የታወቀችውን ያህል በልብስም ስሟ እንዲነሣ ከተፈለገ፣ በየሱቃችን ያለን ትንንሽ አታሚዎች ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ በድፍረት መመለስ መቻል አለብን።

ዛሬ ስለ ሦስት ነገሮች እናገራለሁ፦ ስለ ሙቀት፣ ስለ እርጥበትና ስለ መዝገብ። ከሦስቱ ሙቀት ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንደምቆይ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ያቃጠለኝም እርሱ ነውና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ሰኔ ሊያልቅ ሲል፣ የ600 ቲሸርት ትዕዛዝ ተቀበልሁ። ነጭ የጥጥ ቲሸርት ነው፤ ደረቱ ላይ የምሩቃን አርማ፣ ጀርባው ላይ የዓመተ ምሕረቱ ጽሑፍ ይታተማል። የጀርባውን ቀደም ብለን በስክሪን ፕሪንት ጨርሰን፣ የደረቱ ብዙ ቀለም ያለው ስለነበር በዲቲኤፍ ፊልም፣ ማለትም ሥዕሉ ታትሞበት፣ የማጣበቂያ ዱቄት ተነስንሶበት፣ በሙቀት ወደ ጨርቅ በሚሸጋገርበት ስስ ፕላስቲክ፣ አሳትሜ በሂት ፕሬስ ለመጫን ወሰንሁ። ማሽኑ አንድ፣ ሠራተኛዋ አንዲት ልጅ፣ እኔ ሦስተኛ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ጀምረን እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ድረስ ስንጭን ዋልን። ለመቁጠር እንዲመቸን ከስሞል ጀምረን፣ ወደ ሚዲየም፣ ወደ ላርጅ፣ መጨረሻም ወደ ኤክስ ላርጅ ሄድን። የማሽኑ ስክሪን ቀኑን ሙሉ 160 ይላል፤ ሰዓት ቆጣሪው ቀኑን ሙሉ 15 ሴኮንድ ይላል። ትዕዛዙን አስረከብሁ፤ ገንዘቤን ተቀበልሁ፤ ደስ ብሎኝ አደርሁ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ስልክ ይደወል ጀመር። አርማው ይላጣል። አንዱ ከጠርዙ ተነሣ፣ ሌላው እንዳለ ከመታጠቢያው ሳህን ውስጥ ተንሳፈፈ። ተሰብስቦ ሲቆጠር ከ70 በላይ ሆነ። የሚገርመው ግን ከሚዲየም አንድም አልነበረም፤ ከላርጅም አንድም አልነበረም። የተላጡት ሁሉ ስሞልና ኤክስ ላርጅ ናቸው። እኔ ምን አሰብሁ? የቲሸርት አቅራቢው ሁለቱን መጠኖች ከሌላ ጨርቅ ሰፍቶ ሰጥቶኛል ብዬ አሰብሁ፤ ልጣላውም ስልኬን አነሣሁ። ያዳነችኝ ያቺ ሠራተኛ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ስሞሉን የጫንነው ገና ጠዋት በብርድ ነው፤ ኤክስ ላርጁን የጨረስነው ደግሞ ጎረቤት ሁሉ ምጣድ ሲጥድ ነው» አለችኝ።

እስቲ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር እንፍታት፤ የእኔ ሙያ ሁሉ በውስጧ አለና።

ጠዋት ምን ሆነ? ማሽኑ ስክሪኑ ላይ 160 ሲጽፍና ሲጮህ ደርሷል ብለን ወዲያው መጫን ጀመርን። የደረሰው ግን የላይኛው ብረት ብቻ ነው። የታችኛው ብረትና በላዩ የተነጠፈው የሲሊኮን ምንጣፍ የሌሊቱን ብርድ እንደያዙ ናቸው። ማጣበቂያው ያለው በፊልሙና በጨርቁ መካከል ነው። ከላይ የሚመጣውን ሙቀት ቀዝቃዛው ምንጣፍ ከሥር ይስበዋል፤ ማጣበቂያው ይለሰልሳል እንጂ ቀልጦ በክሩ መካከል አይገባም። ዓይን ሲያየው ተጣብቋል፤ ጣት ሲነካው ተጣብቋል፤ ውሃ ሲነካው ግን አልተጣበቀም። ከሠላሳ አርባ ቲሸርት በኋላ የታችኛውም ይሞቅና ሥራው ይስተካከላል። ለዚህ ነው ቅድም ማሽኑን ዘግተህ ተወው ያልሁት። ብረቶቹ ተዘግተው 20 ደቂቃ ያህል ሲቆዩ የላይኛው የታችኛውን ያሞቀዋል። ረጅም ዕረፍት ወስዳችሁ ስትመለሱም እንደዚሁ አድርጉ።

ምሽትስ ምን ሆነ? የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ኃይል የሚወስድ ዕቃ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ላይ ሲጥድ በመስመሩ ላይ ያለው ቮልቴጅ ይወርዳል። እዚህ ላይ ሠልጣኞች ልብ በሉልኝ። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ማሽኑ የሚያጣው ኃይል ጥቂት ይመስላችኋል? የማሞቂያ ሽቦ ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ነው የሚሄደው። 180ን ለ220 አካፍሉና በራሱ አባዙት፤ 0.67 ያህል ታገኛላችሁ። 2,000 ዋት የተባለው ማሽናችሁ 1,340 ዋት ሆነ ማለት ነው። ሲሶው ጠፋ! ታዲያ ስክሪኑ ለምን 160 አለ? ምክንያቱም ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር በብረቱ ውስጥ በአንድ ቦታ የተቀበረ ነው፤ የሚናገረውም ስለዚያ ቦታ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ ቲሸርት በተከታታይ ሲጫንበት የብረቱ ፊት ሙቀቱን ይሰጣል፤ በቂ ኃይል ካለ ወዲያው ይተካል፤ ከሌለ ግን ፊቱ ከውስጡ ወደኋላ እየቀረ ይሄዳል። በሌላ በኩል እኛ ደግሞ ለመጨረስ ስንቸኩል ቲሸርቶቹን እያፈጠንን ነበር። ድካም፣ ምሽትና ምጣድ ተባበሩብን።

መድኃኒቱ ምንድን ነው? አንደኛው ቮልቴጁን በአንድ ልክ የሚይዘው ስታቢላይዘር ነው፤ ነገር ግን ለቴሌቪዥን የተሠራውን ትንሹን ገዝታችሁ ማሽኑ ላይ ብትሰኩ መጀመሪያ የሚቃጠለው እርሱ ነው። ለ2,000 ዋት ማሽን ቢያንስ የ3 ኪሎ ቮልት አምፔር አቅም ያለው ያስፈልጋል። ሁለተኛው ቮልት መለኪያ ግድግዳው ላይ መስቀል ነው፤ ከ200 በታች ሲወርድ በሁለት ቲሸርት መካከል ያለውን ጊዜ አስረዝሙ፤ ከ190 በታች ሲወርድ ሥራ አቁማችሁ ቡና ጠጡ። ቁጥሮቹ የእኔ ናቸው፤ በማሽኔ ሞክሬ የደረስሁባቸው ስለሆኑ እናንተም በማሽናችሁ ሞክራችሁ የራሳችሁን አውጡ።

ከሙቀት ሳንወጣ ስለ መለካት ልናገር። የብረቱ መካከል 160 ሲሆን ጠርዙ ስንት ነው? ለክታችሁ ታውቃላችሁ? ርካሽ ማሽን ላይ የ10 እና የ15 ዲግሪ ልዩነት አይቻለሁ። በዚህ ምክንያት ነው ብዙ ጊዜ የአርማው ማዕዘን ብቻ የሚላጠው። ብረቱን በሐሳባችሁ ዘጠኝ ቦታ ከፍላችሁ ዘጠኙንም ለኩ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ካለ ሥራችሁን ከዚያ አርቁ። የምትለኩበትን ዕቃ ግን ምረጡ። ብዙዎቻችን በሽጉጥ መልክ የተሠራውን፣ በርቀት የሚለካውን ኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር እንወዳለን። ይህ ዕቃ ሽፋን የሌለው የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ሲያነጣጥሩበት እጅግ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል፤ የሚያብረቀርቅ ብረት የራሱን ሙቀት ጨረር አድርጎ የሚለቀው በጥቂቱ ስለሆነ ነው። ይህን ያላወቀ አንድ ወዳጄ ማሽኑ ቀዝቅዟል ብሎ ሙቀቱን ደጋግሞ ከፍ እያደረገ ሠላሳ ቲሸርት ቢጫ አድርጎ አቃጥሏል። የሚነካ ጫፍ ያለውን ቴርሞሜትር፣ ወይም በሙቀት ቀለሙን የሚቀይረውን መለኪያ ወረቀት ተጠቀሙ። ወረቀቱ ከፊልሙ ጋር አብሮ ተጭኖ የማጣበቂያውን ሙቀት ይነግራችኋል፤ የምንፈልገውም የማጣበቂያውን ነው።

ቴርሞሜትር ካነሣሁ አይቀር፣ አንድ ጊዜ አንድ ሠልጣኝ አዲስ ቴርሞሜትር በፈላ ውሃ ሊፈትን ነከረው። 94 አነበበ። «ይኼ ውሸታም ነው፣ ውሃ በ100 ነው የሚፈላው» ብሎ ሊጥለው ሲል ደረስሁ። ልጁ የተማረውን በትክክል ያስታውሳል፤ የረሳው ጅማ ውስጥ መሆኑን ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩ እውነቱን ነበር። ዛሬም በሱቄ አለ፤ ከሁሉ የማምነውም እርሱን ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ልለፍ፤ እርጥበት።

ከመካከላችሁ የቡና ነጋዴ ልጅ የሆነ አለ? እንዳለ አልጠራጠርም፤ ይህ ጅማ ነው። አባታችሁ የቡናውን እርጥበት ሳይለካ ወይም በጥርሱ ሰብሮ ሳይሞክር ይረከባል? አይረከብም። እኛስ ቲሸርት ስንረከብ እርጥበቱን መቼ ጠይቀን እናውቃለን? ጥጥ ውሃ የሚወድ ክር ነው። የጨርቅ መለኪያ በሚደረግበት ሁኔታ፣ ማለትም በ20 ዲግሪ ሙቀትና በ65 በመቶ የአየር እርጥበት፣ ጥጥ የደረቅ ክብደቱን 8.5 በመቶ ያህል ውሃ ይይዛል፤ ፖሊስተር ግን 0.4 በመቶ ብቻ። 150 ግራም ደረቅ ጥጥ ያለው ቲሸርት ወደ 13 ግራም ውሃ ተሸክሟል ማለት ነው። በሐምሌ፣ ሌሊቱን በዝናብ ከተጓዘ መኪና ላይ የወረደ ቲሸርት ደግሞ ከዚህ በላይ ይሸከማል። በእጅ ሲነካ ደረቅ ነው! ማሽኑ ሲዘጋበት ግን ያ ውሃ ሁለት ጥፋት ያጠፋል፤ ለማጣበቂያው የታሰበውን ሙቀት ለራሱ ወስዶ ይተንናል፤ እንፋሎት ሆኖም ፊልሙን ከሥር ይገፋዋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ የጥጥ ቲሸርት ፊልሙ ሳይቀመጥበት በፊት ከ3 እስከ 5 ሴኮንድ ባዶውን ይጫን፤ ከዚያ ብረቱ ተነሥቶ እንፋሎቱ ይውጣ። በክረምት ሁለት ጊዜ አድርጉት። ጊዜ ይፈጃል ትሉኛላችሁ፤ እውነት ነው፣ ይፈጃል። 600 ቲሸርት በ5 ሴኮንድ ቢባዛ 50 ደቂቃ ነው። እኔ ከ70 ሰው ጋር በስልክ የተከራከርሁበትን ጊዜ ብቆጥረው ከዚህ ይበልጣል።

የማጣበቂያው ዱቄትም እንደዚሁ ነው። እርጥበት የነካው ዱቄት እንደ በሶ ይጓጉላል፤ ቀለም በሌለበት የፊልሙ ክፍል ላይ ይቀርና ቲሸርቱ ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ክዳኑን በደንብ ዝጉ፤ ፊልሙንም ከግድግዳና ከሲሚንቶ ወለል አርቁ። ይህን ያህል ይበቃል።

ፖሊስተር ውሃ አይዝም ብያለሁና ያለ ሥጋት የሚታተምበት ይመስላችሁ ይሆን? በ2010 ዓ.ም. ጅማ አባ ጅፋር የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ይህች ከተማ እንዴት እንደነበረች ታስታውሳላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ማልያ ያላሠራ የሰፈር ቡድን አልነበረም። እኔም ለአንድ የሰፈር ቡድን ቀይ የፖሊስተር ማልያ ላይ ነጭ ቁጥር ጫንሁ። ሳስረክብ ቁጥሩ እንደ ወተት ነጭ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ሐምራዊ ወደሚመስል ሮዝ የተለወጠ ቁጥር ይዘው መጡ። አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ ደማን እኮ» አለኝ።

የሆነው ይህ ነው። ፖሊስተር የሚነከርበት ቀለም ሙቀት ሲበዛበት ከጠጣር ወደ ጋዝ የሚለወጥ ቀለም ነው። ሰብሊሜሽን የምንለው ሥራ የሚኖረው በዚህ ጠባይ ነው፤ ከ190 እስከ 200 ዲግሪ፣ ከ45 እስከ 60 ሴኮንድ ስንጭነው በወረቀቱ ላይ ያለው ቀለም ጋዝ ሆኖ በፖሊስተሩ ውስጥ ይገባል፤ ጥጥ ላይ ግን አይያዝም። በአንዱ ቀን እንጀራችን የሆነው ጠባይ በሌላው ቀን ጠላታችን ይሆናል። ማልያውን በ160 ስጭነው ቀዩ ቀለም ከክሩ ተነሥቶ ወደ ነጩ ቁጥር ተሰደደ፤ ጉዞውንም በአንድ ጊዜ አልጨረሰም፣ ቀናት ወሰደበት። ለደማቅ ፖሊስተር በ120 እና በ130 ዲግሪ መካከል የሚቀልጥ ማጣበቂያና ቀለም የሚያግድ ሽፋን ያለው ፊልም ፈልጉ፤ ናሙናውንም ጭናችሁ ሦስት ቀን ሳታዩት ቀሪውን አትጀምሩ። ደንበኛው ይቸኩላል፤ ይቸኩል።

ስለ ግፊት በአጭሩ። አራት ቁራጭ ወረቀት በአራቱ ማዕዘን አስቀምጡና ዝጉት፤ አራቱንም ሳቡ። አንዱ በቀላሉ ከወጣ ማሽናችሁ ተጣሟል። ዚፕ፣ ቁልፍና ወፍራም ስፌት ያለው ልብስ ሲመጣ ደግሞ እነርሱ ብረቱን ከፍ አድርገው ይይዙታል፤ ከሥር የስፖንጅ ትራስ ካላስገባችሁ ሙቀቱ አርማው ጋ ሳይደርስ ይቀራል።

ሦስተኛውና የመጨረሻው መዝገብ ነው። አንዳንዶቻችሁ ፊታችሁ ሲጠቁር አየሁ፤ መዝገብ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ይመስለናልና። ግን እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ያቺ ልጅ ባታስታውስ ኖሮ እኔ ጥፋቴን በምን አገኘው ነበር? በዕድል። ስሞሉ ጠዋት፣ ኤክስ ላርጁ ማታ መጫኑ ዕድል ነበር። መጠኖቹን ቀላቅለን ጭነን ቢሆን ኖሮ የተላጡት በሁሉም ላይ ተበትነው ዛሬም አቅራቢውን እየረገምሁ እኖር ነበር።

ከዚያ ወዲህ በሱቄ አንድ ባለ መስመር ደብተር አለ። በየ50ው ቲሸርት ልጅቱ ሰዓቱን፣ ቮልቱን፣ በሚነካው ቴርሞሜትር የተለካውን የብረቱን ፊት፣ የፊልሙንና የዱቄቱን ጥቅል ቁጥር ትጽፋለች። ከዚያው ከ50ኛው ላይ ጠርዙን በጥፍሯ ትሞክራለች፤ ጨርቁን ትስባለች፤ ከናሙናው ጋር አጠገብ ለአጠገብ ታያለች። ናሙናው በደንበኛው ፊርማ የጸደቀ ቲሸርት ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይውላል እንጂ ለማንም አይሰጥም። ሁሉም አንድ ላይ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

መታጠብንም ጨምሩበት። የውጭ የሙከራ ደንቦች በማሽን ማጠብን ይጠይቃሉ፤ ጥሩ ናቸው፣ ለውጭ ገበያ የሚሠራ ይከተላቸው። ለእኛ ደንበኛ ግን ቲሸርቱ የሚታጠበው እናቱ ቤት፣ በዱቄት ሳሙና ተዘፍዝፎ፣ በሁለት እጅ ታሽቶና ተጠምዝዞ ነው፤ ከዚያም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ስለዚህ ናሙናችሁን ከተጫነ ከ24 ሰዓት በኋላ እንደዚያው አሽታችሁ አምስት ጊዜ እጠቡት። የእኔን ሙከራ የምታጥበው ባለቤቴ ናት፤ ርኅራኄ የላትም።

ፍጥነትን በተመለከተ ብዙ ጊዜ ስለምጠየቅ ልጨምር። 5 ሴኮንድ ማድረቅ፣ 15 ሴኮንድ መጫን፣ ማስቀመጥና ማስተካከል፣ ፊልሙን መንቀል ሲደመር ለአንድ ቲሸርት ከ45 ሴኮንድ በታች በአንድ ማሽን አይወርድም። በሰዓት 80 ነው። በስምንት ሰዓት 640 ይመስላል፤ በእርግጥ ግን 500 ከደረሳችሁ ጥሩ ሠርታችኋል። «በአንድ ቀን ሺህ አደርሳለሁ» ብላችሁ በአንድ ማሽን ቃል አትግቡ። መጨመር ከፈለጋችሁ የምትቀንሱት 15 ሴኮንዱን አይደለም፤ ሁለት የታችኛው ብረት ያለው ማሽን ግዙና አንዱ ሲጫን ሌላው ይደርደር። ስለቸኮላችሁ የሚያጥር የመጫኛ ጊዜ የለም፤ ፊልሙ ቀዝቅዞ የሚነቀል ከሆነም በሙቀቱ አትንቀሉት።

ወንድሜ፣ ማሽኑን ካበራህልኝ ከ20 ደቂቃ በላይ ሆነ። ስክሪኑ ስንት ይላል? 160? መልካም። ሁላችንም ወደ ኋላ እንሂድ፤ ቴርሞሜትር የያዛችሁ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ዘጠኙን ቦታ ተራ በተራ እንለካለን፤ አንዲት እኅት ደግሞ ቁጥሮቹን ሰሌዳው ላይ ትጻፍልን። ከግራው ማዕዘን እንጀምራለን።